ያረጁት አልጋዎች ወዴት ይሄዳሉ? ነባር የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተሞችና የኢኮኖሚ ለውጥ

ጠያቂ፦ የክልል ልማት ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ በማዘጋጀው ጥናት አንድ ቦታ ላይ ስለተያዝሁ፣ በቱሪዝም፣ በከተማ ፕላንም ሆነ በሆቴል ሥራ ዕውቀት ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥናቱ የሚያተኩረው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በባሕር ዳርቻ ቱሪዝም ሲተዳደሩ የኖሩ አካባቢዎች የኢኮኖሚው ሁኔታ ሲለወጥባቸው እንዴት እንደሚላመዱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «በጋ» እና «ክረምት» የሚሉት ቃላትም እንደየአገሩ ትርጉማቸው ስለሚለያይ «የሙቀት ወራት» እና «የብርድ ወራት» ማለትን መርጫለሁ።

መነሻ ያደረግሁት የጂኦግራፊ ምሁሩ ሪቻርድ በትለር በ1980 ያቀረቡትን የመዳረሻዎች የሕይወት ዑደት ነው። በእርሳቸው አገላለጽ አንድን መዳረሻ በመጀመሪያ ጥቂት ተጓዦች ያገኙታል፤ ቀጥሎ ነዋሪው እንግዳ መቀበል ይጀምራል፤ ከዚያ ይስፋፋል፣ ይደላደላል፣ በመጨረሻም እድገቱ ይቆማል፤ ከቆመ በኋላ ወይ ያሽቆለቁላል ወይ ይታደሳል። የእኔ ችግር ያለው እዚህ «ወይ» ላይ ነው። ሞዴሉ መንታ መንገድ መኖሩን ያሳየኛል እንጂ አንዱ ከተማ በአንደኛው፣ ሌላው በሌላኛው ለምን እንደሄደ አያስረዳኝም።

ለማነጻጸር የመረጥኋቸው በእንግሊዝ ብላክፑል፣ በስፔን ቤኒዶርም፣ በጣሊያን ሪሚኒ እና በዩናይትድ ስቴትስ አትላንቲክ ሲቲ ናቸው። አራቱም ስማቸው የገነነው ብዙኃኑን ሠርቶ አዳሪ በማስተናገድ ሲሆን፣ አራቱም ከሌሎች መዳረሻዎች የመጣ ብርቱ ፉክክርና የደንበኞቻቸው ኑሮ መለወጥ ፈትኗቸዋል። ሆኖም በ2019 በወጣው የእንግሊዝ የድህነትና የእጦት መለኪያ ብላክፑል ከአገሪቱ የአካባቢ አስተዳደሮች ሁሉ የከፋውን ደረጃ ሲይዝ፣ በቤኒዶርም ግን አብዛኞቹ ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ በራቸውን አይዘጉም። አማካሪዬ «ልዩነቱ የአየር ንብረት ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ሪሚኒም በብርድ ወራት የማይዋኝባት ከተማ መሆኗን ሳስብ መልሱ አያጠግበኝም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ምንድን ነው ትላላችሁ?

መላሽ፦ የኢኮኖሚ ታሪክ መምህር

የተከበሩ ጠያቂ፤ አማካሪዎ የነገሩዎት ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የስፔን ፀሐይ በ1930ም በ1970ም ያቺው ፀሐይ ስለነበረች፣ ለውጡን በእርሷ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የርካሽ በረራ መምጣትም ቢሆን ታሪኩን በግማሹ ነው የሚሸፍነው። ሌላው ግማሽ ከባሕሩ ርቆ፣ መሀል አገር ባሉ የጥጥ ፋብሪካዎች ውስጥ የተፈጸመ ነው።

ብላክፑል ባለችበት በላንካሺር አውራጃ የሚገኙት የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ የታወቀ የዕረፍት ሳምንት ነበራቸው። ሳምንቱ ሲደርስ የዚያ ከተማ ፋብሪካዎች በሙሉ ማሽኖቻቸውን ያቆማሉ፤ ሠራተኛውም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ ይጎርፋል። ወደ ብላክፑል የሚወስደው ሐዲድ በ1846 ተዘርግቷል፤ የከተማዋ ሦስተኛው የባሕር ላይ መናፈሻ ድልድይ በ1893፣ ዝነኛው ግንብ ደግሞ በ1894 ተከፍተዋል። ወሳኙ ነገር ግን የየከተማው ሳምንት የተለያየ መሆኑ ነበር። የአንዱ ከተማ ሕዝብ ሻንጣውን ሸክፎ ሲወጣ የሌላው ይገባል። ፔንሲዮን የምታስተዳድረው ሴት ማስታወቂያ ማስነገር ሳያስፈልጋት፣ አልጋዎቿ በሙቀቱ ወራት ሁሉ በተራ ይሞሉላት ነበር፤ ብዙ ቤተሰቦችም ዓመት በመጣ ቁጥር ወደዚያው ቤት ይመለሱ ነበር። እንግዲህ ይህ ገበያ፣ በጥሞና ካዩት፣ የፋብሪካው የሥራ ሰሌዳ ተቀጥላ ነበር።

የጥጥ ኢንዱስትሪው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ መዳከም ጀምሮ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ ብላክፑል ደንበኞቿን ብቻ ሳይሆን ደንበኞቿን በየሳምንቱ ከፋፍሎ የሚያደርስላትን ሥርዓት ጭምር አጣች። የቀሩት ጎብኚዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍትና በቅዳሜና እሑድ መምጣት ጀመሩ። ከተማዋ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1879 በኤሌክትሪክ መብራት ሙከራ የጀመረችውንና ከ1912 ወዲህ ያዳበረችውን የመብራት ትርኢት፣ የሙቀቱ ወራት ካለፉ በኋላ ሰው እንዲመጣላት ትጠቀምበታለች፤ በባሕሩ ዳር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋው ይህ ትርኢት ዛሬም ብዙ ሰው ይጠራል። ነገር ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ አውራ ጎዳናው እስከ ከተማዋ ደጃፍ በመድረሱ፣ ብዙው ሰው ማታ በመኪናው መጥቶ፣ መብራቱን አይቶ፣ ልጆቹን ጥብስ ዓሣ አብልቶ ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤቱ ይገባል። ሰው አለ፤ የሚያድር ግን የለም። የጎብኚ ቁጥር ብቻ የሚመዘግብ ጥናት ይህን ልዩነት ጨርሶ አያየውም።

አሁን ወደ ቤኒዶርም እንሻገር። የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችው ቤኒዶርም በ1956፣ በከንቲባዋ በፔድሮ ሳራጎሳ ዘመን፣ አጠቃላይ የከተማ ፕላን አጸደቀች፤ በኋላም ሕንጻዎች በመሬት ላይ ከመንሰራፋት ይልቅ ወደ ላይ እንዲያድጉ ተፈቀደ። ብዙዎች በዚህ ይሳለቁባታል፤ እኔ ግን አልስቅም። ሁሉም ሆቴል ለባሕሩ በእግር መንገድ ላይ ስለሆነ እንግዳው መኪና አያስፈልገውም፤ ውኃውንና ቆሻሻውንም ተራርቆ ከተሠራ የቪላ ሰፈር ይልቅ በቀላሉ ማስተዳደር ይቻላል።

ከዚህ የበለጠው ጉዳይ ግን የብርዱ ወራት አያያዝ ነው። የስፔን መንግሥት ከ1985 ጀምሮ ጡረተኞች በብርዱ ወራት በቅናሽ ዋጋ ወደ ባሕር ዳርቻ ሆቴሎች እንዲሄዱ የሚያደርግ የማኅበራዊ ዕረፍት ፕሮግራም አለው። ስሌቱ ግልጽ ነው። ሆቴሉ ከተዘጋ ሠራተኛው ወደ ሥራ አጥ ድጎማ ይሄዳል፤ ሆቴሉ ከተከፈተ ግን መንግሥት ለጡረተኛው ጉዞ የሚያዋጣው ገንዘብ በግብርና ባልተከፈለ ድጎማ መልክ ከፊሉ ይመለሳል። በዚያ ላይ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡ ጡረተኞች ይታከላሉ። በየካቲት ጠዋት በሌቫንቴ የባሕር ዳርቻ የሚታየው ዋናተኛ አይደለም፤ ሹራብ ደርበው፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ የባሕሩን ዳር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመላለሱ አዛውንቶች ናቸው። እነርሱ ብዙ ገንዘብ አያወጡም፤ ባለሆቴሎችም የፕሮግራሙ የአንድ ሌሊት ክፍያ ወጪያችንን አይሸፍንም እያሉ ያጉረመርማሉ። ይሁንና ወጥ ቤቱ አይቀዘቅዝም፤ የሠለጠነው አስተናጋጅ ወደ ሌላ ከተማ አይሰደድም፤ ባንኩም ዓመቱን ሙሉ ገቢ ላለው ሆቴል የእድሳት ብድር አይከለክልም።

ስለዚህ ከአየር ንብረት በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ የዓመቱን ባዶ ወራት ማን ይሞላቸዋል? ካልተሞሉስ አልጋዎቹ ምን ይሆናሉ?

መላሽ፦ የቤቶች ጉዳይ ባለሙያ

መምህሩ ለጻፉት ሁለተኛ ጥያቄ መልስ አለኝ፤ አስቀድሜ ግን አንድ እርማት ላቅርብ። ስለ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ስንነጋገር ሁላችንም «ሥራው ጠፋ» ብለን እንጀምራለን። የሼፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክርስቲና ቢቲ እና ስቲቭ ፎዘርጊል 43 ዋና ዋና የባሕር ዳርቻ ከተሞችን ከ1971 እስከ 2001 ባለው ጊዜ መርምረው ያገኙት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በጥቅሉ ሲታይ የሥራው ቁጥር ጨምሯል። ሥራ አጥነቱ ያልቀነሰው፣ ለመኖር ወደ ከተሞቹ የፈለሰው ለሥራ የደረሰ ሰው ከተፈጠረው ሥራ በላይ ስለነበረ ነው። እንግዲህ ጠያቂያችን «ለምን ሞቱ?» ከሚለው ይልቅ «ማን ገባባቸው፣ ለምንስ ገባ?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ መንገድ ያገኛሉ።

እኔ ለሥራ ወደ እንዲህ ዓይነት ከተማ ስሄድ አስቀድሜ የማየው የበር ደወሎችን ነው። አንድ ጊዜ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ካለ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ፊት ቆሜ ነበር። ከመስኮቱ በላይ የቀድሞው ፔንሲዮን ስም በደበዘዘ ቀለም ይነበባል፤ ከበሩ ጎን ስምንት ደወሎች ተደርድረዋል፤ በየደወሉ ሥር ስም የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በፕላስተር ተለጥፈዋል፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። የቤተሰብ ዕረፍት ይታለፍባቸው የነበሩት ክፍሎች አንድ ሰው ምድጃና አልጋ በአንድ ላይ አድርጎ የሚኖርባቸው ጠባብ መኖሪያዎች ሆነዋል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራይ የቤት ኪራይ ድጎማ ይሰጣል። የድጎማው ጣሪያ የሚወሰነው ለአንድ ሰፊ አካባቢ በአንድነት ስለሆነ፣ ኪራይ እጅግ ርካሽ በሆነባቸው መንደሮች ባለቤቱ ከቤቱ ትክክለኛ ዋጋ በላይ ማግኘት ይችላል። ጎብኚ የራቀው ፔንሲዮን ባለቤት ስምንት ክፍል ለስምንት ድጎማ ተቀባይ ቢያከራይ፣ ዝናብና ፀሐይ የማያግደው፣ ሳምንት እየቆጠረ የሚገባ ገንዘብ አገኘ ማለት ነው። ቤቱን የማደስ ግዴታ አይሰማውም፤ ተከራይ አያጣምና። ኑሮው የተናጋበት፣ ከቤተሰቡ የተለየ፣ የታመመ ሰው ደግሞ ርካሽ ክፍል ወዳለበት ይመጣል። ባለቤቱ ለኢኮኖሚው ለውጥ በሚገባ ተላምዷል፤ የመላመዱን ዋጋ የከፈለችው ከተማዋ ናት። አንድ መንገድ በዚህ ከተለወጠ በኋላ፣ በአጠገቡ ፔንሲዮኑን አሳምሮ የያዘው ሰውም እንግዳ እየሸሸው ይሄዳል።

የብላክፑል ማዘጋጃ ቤት ይህን ተገንዝቦ፣ የቀድሞ ፔንሲዮኖችን እየገዛ ወደ ደኅና መኖሪያ ቤትነት የሚለውጥ የራሱን ኩባንያ አቁሟል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ዕቃውን የሚያስቀምጡበት ቁም ሣጥን እንኳ ለሌለው ክፍል አዲስ ትርኢት ከመፍጠር ይልቅ ግድግዳውን አፍርሶ ሁለቱን ክፍል አንድ ማድረግ ይበልጣል የሚል እምነት ግን አለኝ።

ጠያቂ፦ የክልል ልማት ተማሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጎብኚ ቁጥርንና የአዳሪ ቁጥርን ለይቼ አለመያዜ ትልቅ ጉድለት መሆኑን አሁን አየሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ከባዶ ወራት ጋር ከመታገል ይልቅ ወቅት የማይገድበው ትልቅ መስሕብ ማቆም አይሻልም ወይ? ብላክፑል ራሷ የአገሪቱን ታላቅ ካዚኖ ለማግኘት ተወዳድራ በ2007 ዕድሉ ለማንችስተር ሲሰጥ ከፍተኛ ቅሬታ ተሰምቶ ነበር፤ በኋላ ዕቅዱ በጠቅላላው ቀረ እንጂ። አትላንቲክ ሲቲ በዚሁ መንገድ ሄዳለችና ከእርሷ ምን እንማራለን?

መላሽ፦ የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ የነበርሁ

ወደ ካዚኖው ከመግባቴ በፊት፣ ከላይ ስለ ባዶ ወራት የተባለውን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ላሳይዎት። ሆቴል ቋሚ ወጪ የሚባል ጠላት አለው፦ የባንክ ወለድ፣ ኢንሹራንስ፣ የንብረት ግብር፣ የጣሪያና የሊፍት ጥገና። ይህ ወጪ እንግዳ ኖረም አልኖረም 365 ቀን ይቆጥራል። በዓመት 120 ቀን ብቻ የሚከፈት ሆቴል የዓመቱን ቋሚ ወጪ በሙሉ በእነዚያ ቀናት እንግዶች ትከሻ ላይ ይጭናል፤ በባሕር ጨው የሚበላ የመስኮት ብረት ደግሞ የተዘጋ ሆቴልን አይምርም። ሌላ 120 ቀን በግማሽ ዋጋ ቢከፍት፣ ያ ግማሽ ዋጋ የአንሶላ አጠባውን፣ የምግቡንና የመብራቱን ወጪ ሸፍኖ ትንሽ እስካተረፈ ድረስ፣ የተረፈው ሁሉ ለቋሚው ወጪ እርዳታ ነው። በብርዱ ወራት የሚመጣውን ድኻ እንግዳ የሚንቅ ባለሆቴል ይህን ስሌት አልሠራም ማለት ነው።

አትላንቲክ ሲቲ በ1870 በሠራችው የእንጨት የእግረኛ ጎዳና የታወቀች ነባር መዝናኛ ናት። ሰዎች ወደ ሞቃታማ አገር በአውሮፕላን መሄድ ሲጀምሩ ታላላቅ ሆቴሎቿ አረጁ። በ1976 ከተማዋ ያለችበት የኒው ጀርሲ ግዛት መራጮች በከተማዋ ቁማር እንዲፈቀድ ወሰኑ፤ በግንቦት 1978 የመጀመሪያው ካዚኖ ተከፈተ። በዩናይትድ ስቴትስ ከኔቫዳ ግዛት ውጪ ሕጋዊ ካዚኖ ያላት ብቸኛ ሥፍራ ለዓመታት ስለነበረች ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ገባ፤ በ2006 የካዚኖዎቹ ዓመታዊ የቁማር ገቢ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር።

ይህ ሁሉ ሀብት የቆመው ግን ጎረቤቶች ቁማርን ከልክለው በመቆየታቸው ላይ ነበር። ፔንስልቬንያ በ2006 መጨረሻ የራሷን መክፈት ስትጀምር፣ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ይጓዝ የነበረው ቁማርተኛ በሰፈሩ መጫወት ጀመረ። ቀጥሎ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ። በ2014 ብቻ ከ12ቱ ካዚኖዎች 4ቱ ተዘጉ፤ ከእነርሱ አንዱ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በ2012 የተከፈተ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ግብር በካዚኖዎቹ የንብረት ዋጋ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ ዋጋው ሲወድቅ ካዚኖዎቹ ይግባኝ እያሉ የከፈሉትን አስመለሱ፤ በ2016 መጨረሻ የግዛቱ መንግሥት የከተማዋን አስተዳደር በእጁ አስገባ። በአንድ ጥገኝነት ምትክ ሌላ ጥገኝነት፤ ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይኼ ነው።

በእኔ ግምት ከፉክክሩ የባሰው ችግር የሕንጻዎቹ አሠራር ነው። ካዚኖ እንግዳው እንዳይወጣ ታስቦ የሚሠራ ቤት ነው፦ ምግቡ፣ መጠጡ፣ ትርኢቱ፣ መኝታው፣ የመኪና ማቆሚያው ሁሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሠላሳ ሚሊዮን ሰው ቢመጣ እንኳ ከካዚኖው ጀርባ ያለው ምግብ ቤት አንድ ሳህን ተጨማሪ አይሸጥም። ትልቅ መስሕብ ሲታሰብ መጠየቅ ያለበት በሩ ወደ የት ይከፈታል የሚለው ነው። ለፍትሕ ያህል፣ ከተዘጉት ካዚኖዎች ሁለቱ (አንደኛው በ2016 የተዘጋ) በ2018 በአዲስ ስም ተከፍተዋል፤ በዚያው ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲም በባሕሩ ዳር ካምፓስ ከፍቷል። የኢንተርኔት ቁማርም ከ2013 ወዲህ ተፈቅዶ ገቢው እየጨመረ ነው፤ ፈቃዱ በከተማዋ ካሉ ካዚኖዎች ጋር የተሳሰረ ቢሆንም ተጫዋቹ ቤቱ ተቀምጦ ስለሚጫወት አንዲት አልጋ አይሞላም።

መላሽ፦ የውኃና ፍሳሽ መሐንዲስ

ሪሚኒን ማንም ስላላነሣት እኔ ላንሣት። በ1989 የሙቀት ወራት በአድሪያቲክ ባሕር ላይ ንፍጥ መሰል የአልጌ ዝቃጭ በሰፊው ተንሳፈፈ። ለጤና ከሚያመጣው ጉዳት ይልቅ መልኩ ነበር ገበያውን የገደለው፤ በተለይ የጀርመን ደንበኞች ጉዟቸውን ሰረዙ። ከተማዋና አካባቢዋ ከዚያ በኋላ ባሕሩን ብቻ መሸጥ እንደማያዋጣ ተቀብለው ሌላውን ነገር አጠናከሩ፦ የውኃ መጫወቻ ፓርኮችን፣ የዳንስ ቤቶችን፣ በ2001 አዲስ የንግድ ትርኢት ማዕከል፣ በ2011 ደግሞ ታላቅ የስብሰባ አዳራሽ። የንግድ ትርኢት የሚካሄደው በአመዛኙ ከሙቀት ወራት ውጪ ስለሆነ ከላይ የተባለውን ባዶ ወር ይሞላል።

ይሁንና እኔ የማደንቅላት ከመሬት በታች ያደረገችውን ነው። የሪሚኒ አሮጌ መስመር የዝናብ ውኃንና የቤት ፍሳሽን በአንድ ቱቦ ያስኬድ ነበር። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ ወደ መዋኛው ይለቀቃል፤ መዋኘትም ለጊዜው ይታገዳል። ከተማዋ ከ2013 ጀምሮ መስመሮቹን የመለየትና የጎርፉን ውኃ የሚይዙ ግዙፍ ጉድጓዶች የመገንባት ሥራ ጀመረች፤ በጀቱ 150 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ከትልቁ ማጠራቀሚያ በላይ ሰዎች ቆመው ባሕሩን የሚያዩበት ሰገነት ተሠርቷል፤ ብዙዎቹ ከእግራቸው በታች ምን እንዳለ ሳያውቁ ፎቶ ይነሣሉ። ከንቲባ ሪባን የሚቆርጥበት ነገር ይወዳል፤ ቱቦ ደግሞ ሪባን አይታሰርበትም። ስለዚህ ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም።

ስለ አልጋ ከተነሣ፣ በሪሚኒ አንድ ሺህ ገደማ ሆቴሎች ሲኖሩ አብዛኞቹ ትናንሽ የቤተሰብ ሆቴሎች ናቸው። ይህ ሁለት ገጽ አለው። እናት ወጥ ቤት፣ አባት እንግዳ መቀበያ፣ ልጆች ምግብ ማቅረቢያ ላይ ሲሆኑ ክፉ ዓመት ሲመጣ ደመወዝ ሳይከፋፈሉ ማለፍ ይቻላል፤ የአክሲዮን ባለድርሻ ደጅ አይጠናም። የዚያኑ ያህል ግን ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ባለቤቶቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ሌላ ሙያ ይዘዋል፤ አንድ ሆቴል ከጎረቤቱ ጋር ተዋሕዶ እንዳይታደስ ሁለቱ ቤተሰቦች በዋጋ አይስማሙም። ከባሕሩ ራቅ ብለው በራቸው የተዘጋ ሆቴሎች የታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

መላሽ፦ የኢኮኖሚ ታሪክ መምህር

መሐንዲሱ ያነሡት የመዋሐድ ችግር የስፔንን የባሌአሪክ ደሴቶች አስታወሰኝ። ከእነርሱ አንዷ በሆነችው በማዮርካ የካልቪያ ማዘጋጃ ቤት በ1980ዎቹ መጨረሻ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ችግሩ የእንግዳ ማነስ ሳይሆን የአሮጌ አልጋ መብዛት ነው ብሎ ደመደመ። ከ1995 ጀምሮ በባሕሩ ዳር የነበሩ አንዳንድ ሆቴሎች ተገዝተው ፈረሱ፤ ቦታቸውም ለሕዝብ መናፈሻ ዋለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በደሴቶቹ አዲስ ሆቴል መክፈት የሚፈልግ ባለሀብት በጥቅሉ ያረጁ አልጋዎችን ከገበያ ማስወጣት እንዳለበት ሕግ ወጣ። ስለዚህ አሮጌው አልጋ ራሱ ዋጋ አገኘ፤ የደከመው ባለቤት የበር ደወል ከመደርደር ይልቅ ፈቃዱን ሸጦ በክብር የሚወጣበት በር ተከፈተለት። ብላክፑል ያጣችው ይህንን ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ዕዳው ሌላ ጋ መውጣቱ ግን አልቀረም። የሆቴሉ አልጋ ሲገደብ መኖሪያ ቤቶች በኢንተርኔት ለጎብኚ መከራየት ጀመሩ፤ በግንቦት 2024 በማዮርካ ዋና ከተማ በፓልማ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በቤት ዕጦት ምክንያት ሰልፍ ወጥተዋል። በ2002 ተጀምሮ በ2003 የተሻረው፣ በ2016 እንደገና የተመለሰው የጎብኚ ግብርም ይህን አላስቆመውም።

መላሽ፦ የቤቶች ጉዳይ ባለሙያ

በእንግሊዝም ያው ነው። በማርጌት በ2011 ትልቅ የሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ፈጣን ባቡር ከለንደን ጋር አቅርቧት ስለነበር አሮጌዋ ከተማ ነፍስ ዘራች፤ የቤት ዋጋም አብሮ ወጣ። ከእርሷ ብዙም በማትርቀው ፎክስቶን ግን፣ ነጋዴው ሮጀር ደ ሀን የመሠረቱት የበጎ አድራጎት ድርጅት በአሮጌው ሠፈር ሕንጻዎችን እየገዛና እያደሰ ለአርቲስቶችና ለትናንሽ ንግዶች እንዲከራዩ አድርጓል። ሕንጻዎቹ ለትርፍ በሚሸጥ እጅ ስላልሆኑ፣ መንደሩን ያነቁት ሰዎች መንደሩ ሲወደድ አብረው አይባረሩም። ሁለቱም ከተሞች በሥነ ጥበብ ታደሱ ይባላል፤ ልዩነቱ ግን የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው የሚለው ላይ ነው።

ጠያቂ፦ የክልል ልማት ተማሪ

ጥናቴን እንደ አዲስ ለማዋቀር ወስኛለሁ። ለየከተማው ሦስት ነገር እለካለሁ፦ በብርዱ ወራት የሚያድረውን ሰው፣ ከአገልግሎት የወጡት አልጋዎች ምን እንደሆኑ፣ የሕንጻዎቹንም ባለቤትነት። የሚያስጨንቀኝ የመጀመሪያው ነው። የሆቴል ምዝገባ ትናንሽ ፔንሲዮኖችንና በኢንተርኔት የሚከራዩ ቤቶችን አያካትትም፤ ከግብር ለመሸሽም ቁጥሩ ይቀነሳል። የሚታመን መረጃ ከየት ላግኝ?

መላሽ፦ የውኃና ፍሳሽ መሐንዲስ

ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ያግኙ። ሰው ስሙን ሳያስመዘግብ ሊያድር ይችላል፤ ሳይታጠብ ግን አያድርም። ጣቢያው በየቀኑ የገባውን ፍሳሽ መጠን ይመዘግባል፤ የየካቲትን አማካይ በነሐሴው ቢያካፍሉት ከተማዋ በብርዱ ወራት ምን ያህሏ እንደሚቀር በቀላሉ ያያሉ። ሁለት ጥንቃቄ ያድርጉ። እንደ ሪሚኒ አሮጌ መስመር ዝናብና ፍሳሽ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ዝናብ የጣለባቸውንና ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሦስት ቀናት ከስሌቱ ያውጧቸው፤ አለዚያ ዝናቡን እንደ እንግዳ ይቆጥሩታል። በተጨማሪም የመዋኛ ገንዳ የሚያጥቡባቸውንና ዓሣ የሚያቀነባብሩ ፋብሪካዎች የሚሠሩባቸውን ወራት ከጣቢያው ኃላፊ ጠይቀው ይለዩ። ኃላፊው መዝገቡን በጽሑፍ ጥያቄ ይሰጥዎታል፤ እስካሁን ባየሁት፣ ይህን መዝገብ የሚጠይቅ ተመራማሪ ብርቅ ስለሆነ በደስታ ነው የሚያስተናግዱት።